ማትስ ያልጠራው ስም

በሲልያን ሐይቅ ዳር ባለችው መንደር የማትስን ቤት የማያውቅ አልነበረም። ጎረቤታሞች በወሰን ቢጋጩ፣ ወንድማማቾች በውርስ ቢኳረፉ፣ መጨረሻቸው እሱ ደጃፍ ነበር። ማትስ ፈርዶ የከፋው ሰው የለም ይባልለታል። አንድ ሰው ግን ከፍቶት ነበር፤ ያውም ከገዛ ማዕዱ! ሚስቱ ማርጊት ካነጋገረችው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ነገሩ የጀመረው ስቶክሆልም ያሉት ታላላቅ ሰዎች ከሩስያ ጋር ጦርነት የከፈቱ ጊዜ ነው። ለምን እንደተከፈተ ለመንደሩ ሰው የነገረው አልነበረም፤ ወታደር አምጡ ብቻ ነው የተባለው። የሄዱት ሳይመለሱ ደግሞ አንድ ሰው ጨምሩ ተባለ። ለጦር የደረሱ ሁለት ጎልማሶች ብቻ ቀርተዋል፤ የማትስና የማርጊት አንድ ልጅ ዮናስ፣ እና የመበለቷ የጉኒላ አንድ ልጅ ኤስኪል። የመንደሩ ሰው እንደ ልማዱ ፍርዱን ለማትስ ተወለት። ማትስ ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሻሸው ጀመር።

“ዮናስ ይሂድ” አለ በመጨረሻ። “ጉኒላ ባል የላትም። እኛ ሁለት ነን።”

ማርጊት ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። “ሁለት ነን? በል እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አንተም ብቻህን ነህ፤ እኔም ብቻዬን ነኝ!”

ከዚያ ወዲያ ቃል አልሰጠችውም። ምሳውን ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ትጥፋለች፣ በአንድ ጀልባ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ... ግን አንዲት ቃል አትወጣትም! ዮናስ ፊንላንድ ውስጥ አንዲት ጥይት እንኳ ሳይተኩስ፣ ርቦትና ተስቦ ይዞት መሞቱ በተሰማ ጊዜም ለየብቻቸው አለቀሱ፤ እሷ ከበረቱ ውስጥ፣ እሱ ከማገዶው ክምር ጀርባ። በዚያ ላይ ውርጩ ገብሱን አቃጠለው፤ የቀረችው ላም ሞተች። የጥድ ልጣጭ ፈጭተው ከዱቄት ጋር እየቀላቀሉ ቂጣ ጋገሩ። መከራ አንዴ የቤቱን መንገድ ካወቀ፣ ማን ይመልሰዋል?

ጦርነቱ በሽንፈት አለቀ። በሰኔ ወር የሸለቆው ወንዶች ሁሉ ተነሱ፤ ልጆቻችንን ያስፈጁ ሰዎች ይጠየቁልን ብለው ወደ ስቶክሆልም ሊሄዱ። ማትስም ስንቁን ቋጥሮ በሩ ላይ ቆመ።

“ማርጊት... ልጃችንን ማን እንደበላው ልጠይቅ መሄዴ ነው።”

ማርጊት የጥድ ልጣጩን መፍጨቷን አላቋረጠችም። ዞራም አላየችው።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው ደረሰ። ከተማው አደባባይ ላይ መድፍ ተተኮሰባቸው፤ የተረፉት በሺህ ተቆጥረው ታሰሩ፤ ማትስም ከታሰሩት ነው። ማርጊት ይህን እንደሰማች ጫማዋን አጥልቃ፣ ቂጣዋን በጨርቅ ቋጥራ ወጣች። ይቅር ብላው ነበር? የለም! ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ የያዘችው ነገር ነበራት። “ሳልነግረው አይሞትም!” እያለች ነው በመንገዱ ላይ ያሉትን የመዳብ ማቅለጫዎች ጭስ ያቋረጠችው፤ እግሯ ሲቆስልም በመቀነቷ አሥራ የቀጠለችው።

እስረኞቹ ያሉት ወደብ አጠገብ ባለ የጨው መጋዘን ምድር ቤት ነበር። በሩ ላይ የቆመው ዘብ አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኗል።

“ዘመድ አይገባም፣ እናቴ። ተስቦ ገብቷል። እኛም ከደጅ ነው ምግብ የምንወረውርላቸው።”

“የሞቱትን ማን ያወጣል?”

“ማንም ደፍሮ አይገባም።”

“እኔ አወጣለሁ” አለች ማርጊት። “ያልሞቱትንም አጥባለሁ። አንድ በርሜል ውሃና ባልዲ ስጡኝ። ልጄን ተስቦ በልቶብኛል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈራኛል?”

አስገቧት። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የሰው ልጅ እንደ ማገዶ ተደርድሮ ያቃስታል። ማርጊት ከበሩ ጀምራ እያንዳንዱን ፊት እያጠበች፣ እያጠጣች፣ የሞቱትን ዓይን እየከደነች ሄደች። አንዱ ጥግ ላይ የጉኒላ ልጅ ኤስኪል በትኩሳት ይቃዣል፤ እሱንም አጠበችው። ከግድግዳው ሥር ጢሙ የጎፈረ፣ ጉንጩ የሰረጎደ ሽማግሌ ነበር። ባሏን ያወቀችው በእጆቹ ነው።

“ማርጊት...” አለ ማትስ። “ህልም ከሆንሽ ሂጂ። እውን ከሆንሽ ግን... እባክሽ ድምፅሽን አሰሚኝ።”

ያ ሁሉ በመንገድ ያሰናዳችው ቃል! ያ ሁሉ እርግማን! ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ እንደ በረዶ ቀለጠ። ራሱን ደግፋ ቀና አደረገችውና ጣሳውን ከንፈሩ ላይ አስጠጋችለት።

“ጠጣ” አለችው።

በሁለት ዓመት ውስጥ የነገረችው የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ነበረች። ማትስ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ጠጣ።

ቀን በቀን ታጠበ፣ በላ፣ ቀና ብሎም ተቀመጠ። እስረኞቹ ሁሉ እናታችን ይሏት ጀመር። ታዲያ አንድ ጠዋት መርማሪው በሆምጣጤ የራሰ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ገባና ማትስ ፊት ቆመ።

“ተራው ሰው ሊፈታ ነው። አንተ ግን የመንደርህ ዳኛ ነህ፤ ቤት ለቤት ዞሮ ሕዝቡን ያነሳሳውን ታውቀዋለህ። ስሙን ንገረኝና ነገ ከሚስትህ ጋር ወደ አገርህ ትሄዳለህ። አልናገርም ካልክ እዚሁ ትበሰብሳለህ።”

ቤት ለቤት የዞረው ኤስኪል ነበር። ከጥጉ ተኝቶ ምንም አይሰማም። ስሙ ቢጠራ አንገቱ ይቀላል። ማትስ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

“ያን ጊዜ ሳልጠይቅሽ ፈረድኩ” አላት በሹክሹክታ። “ዛሬ አንቺ ፍረጂ። ያልሽውን አደርጋለሁ።”

አቤት ያቺ ቅጽበት! በአንድ በኩል ባሏ፣ በገዛ አልጋው፣ በገዛ አገሩ... በሌላ በኩል ልጇ በፈንታው የሞተለት ሰው። ማን ነው የሚፈርድባት? ዕዳዋን ከፍላ የጨረሰች እናት አይደለችም? ማርጊት ያጠበችውን የኤስኪልን ፊት አየች። ከዚያ መርማሪውን ቀና ብላ አየችው።

“ያነሳሳንን ሰው ስም እኔ ልንገርዎ፣ ጌታዬ። ዮናስ ይባላል። ልጄ ነው። ፊንላንድ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል፤ ሄደው ይያዙት!”

መርማሪው ፊቱ ቀላ፤ በሩን በርግዶ ወጣ። ሌሎቹ ሲፈቱ ማትስ ቀረ። ማርጊትም አብራው ቀረች። ትኩሳቱ ተመልሶ ሲይዘው በጉልበቷ ላይ አስተኛችው።

“ተቆጥተሽኛል?” አላት።

“አዎ፣ ተቆጥቼሃለሁ። ግን አነጋግርሃለሁ።”

“እንግዲያው አውሪኝ...”

አወራችው። ዮናስ ዳዴ ሲል፣ ከጀልባ ሲወድቅ፣ መጀመሪያ ጢሙን ሲላጭ ፊቱን እንደቆረጠ... የማትስ እጅ በእጇ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ አወራችው። ሬሳውን ከሌሎቹ ጋር ሊጥሉት ጋሪ ሲያመጡ ልጓሙን ከነጂው ነጥቃ ራሷ መራችው፤ ቄስ ባይኖርም ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ አባታችን ሆይን ጮክ ብላ ደገመችለት። ወታደሮቹ ሳይወዱ በግድ ቆባቸውን አወለቁ።

ኤስኪል ከከተማው ውጭ ይጠብቃት ነበር፤ ገና በዱላ ነው የሚራመደው። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ጠየቃት።

“እማማ ማርጊት... ስለ እኔ ጠየቋችሁ እንዴ?”

“ስለ አንተ ማን ይጠይቃል? ይልቅ ሳይመሽ ተራመድ” አለችው። እስክትሞት ድረስም አልነገረችውም።

መንደሩ ሲደርሱ ጉኒላ ዳገቱን እየሮጠች ወርዳ ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ወደቀች። ማርጊት ቆማ አየቻቸው። ለእሷ ሮጦ የሚመጣ ማንም አልነበረም። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ወደ ማሳዋ ሄደች። ሣሩ ሳይታጨድ ቆሞ ሊረግፍ ደርሷል። ማጭዱን ስላ ጎንበስ አለችና ከዳር ጀመረች።

ዕጣ ፈንታ ምን ዓይነት ነገር ነው! ባልን ይወስዳል፣ ልጅን ይወስዳል፣ ሳይጠይቅ ይወስዳል... ማርጊትን ግን አንድ ቀን፣ በዚያ ምድር ቤት፣ ጠይቋት ነበር፤ የመለሰችለትንም ታውቃለች። ስለዚህ ነው ማንንም ሳታማርር ፀሐይ እስክትጠልቅ ቀና ሳትል ያጨደችው።