የማርታ ቢምቢዎች

ያን ምሽት ቢምቢዎቹ የጠጡት የማንን ደም ነበር? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። እመኑኝ፣ እኔ በልጅነቴ እንኳ ዛር፣ ጅን ሲባል የማልደነግጥ፣ በትልቅነቴ በማታ ትምህርት ከፊደል ጀምሬ እዚህ የደረስኩ፣ በማይክሮስኮፕ ያላየሁትን ነገር አለ የማልል ሴት ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሐዋሳ፣ ወባ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሥራ ባልደረባዬ ከማርታ ጋር ለምርምር የሚሆኑ ቢምቢዎች እናረባ ነበር፣ ወባ የሌለባቸውን ማለቴ ነው፣ እንቁላል ለመጣል ደም ስለሚያስፈልጋቸው አመሻሹ ላይ፣ በግራና በቀኝ የጨርቅ እጅጌ በተሰፋለት የመረብ ሳጥን ውስጥ ክንዳችንን አስገብተን እናበላቸዋለን፣ ታዲያ ማርታን ይወሯታል፣ እኔ ላይ አንድ ሁለቱ ቢሰፍሩ ነው።

«እትዬ፣ እርስዎን እኮ ፈርተውዎት ነው» ትለኛለች እየሳቀች። እኔ አልስቅም።

ከዚያ የውጭ ትምህርት ዕድል መጣ፤ ከወባ ተውሳክ ላይ ዘረ መል ቆርጦ እርሾ ውስጥ በመክተት፣ እርሾው የተውሳኩን ፕሮቲን እንዲያመርት፣ ከፕሮቲኑም ክትባት እንዲሠራ የሚደረገውን ምርምር ለመማር። ስለዚያ የተጻፈውን ሁሉ መዝገበ ቃላት ይዤ ያነበብኩት እኔ፣ የተመረጠችው ማርታ! የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተራችን፣ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ቢምቢዎቹን ብቻ ያቆዩልን፣ የሚቀጥለው ዕድል የእርስዎ ነው» አለኝ። ቢምቢዎቹ ከሞቱ ዕድሌም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

ማርታ በሄደች ማግስት፣ በሐይቁ በኩል ሰማዩ ሲቀላ፣ ክንዴን አስገባሁ። አንዷም አልቀረበችኝም። ቅናት አንገበገበኝና፣ «እሷን ነው የምትፈልጉት?» ብዬ ጮህኩ፣ ከቢምቢ ጋር መጣላት ይታያችሁ! ያኔ የክንፋቸው ድምፅ ቀጥ አለ። ቆይቶ እንጉርጉሮ ሰማሁ፣ ማርታ፣ ደርግ ቤተ ክርስቲያናቸውን ካሸገባቸው ወዲህ፣ እንዳይታወቅባት ያለ ቃል የምታንጎራጉረው መዝሙር ነው፣ ከሳጥኑ ይሁን ከየት አላውቅም። በወዲያኛው በኩል ላልቶ የተንጠለጠለው እጅጌ፣ ክንድ እንደገባበት ሁሉ ቀስ እያለ ሞላ፣ ቢምቢዎቹም ባዶው አየር ላይ ተደርድረው ሰፈሩ፣ ዓይኔ እያየ ሆዳቸው ቀላ።

አንዷን አውጥቼ በማይክሮስኮፕ አየሁ። ትኩስ ደም ነው። የእኔ ክንድ ላይ ግን አንድም ንክሻ የለም።

ጠዋት ዶክተሩ ጠግበው ሲያያቸው «ጎበዝ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክንዴን አስገብቼ አላውቅም፣ ቢምቢዎቹ ግን ተርበው አያውቁም።

የተባለውም ዕድል ሳይመጣ፣ እኔም ለማንም ሳልናገር ኖሬ፣ ማርታ ተመልሳ የመጣች ዕለት ለራሷ ነገርኳት። ትስቅብኛለች ስል፣ በዚያ ሙቀት የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጎተተችና፣ «እትዬ፣ ይህን ለሌላ ሰው አይንገሩ» አለችኝ።

እኔም ከፍርሃቴ ቅናቴ ቀደመና፣ «ለመሆኑ የእኔ ደም ምን ጎደለው?» አልኳት።

እሷ በሹራቧ ላይ ክንዷን ማከክ ያዘች።