የሚሊሜትር አዲስ መምጠጫ

ሚሊሜትር ሞቶ የተገኘው ቤቱ ሥር ባለው ጋራዥ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የጨረሰውን በር «አንድ ሚሊሜትር ተርፋለች» ብሎ መልሶ የሚያፈርስ አናጢ ነበር። የኋላ ጭንቅላቱን የመታው የገዛ ራሱ የእንጨት መዶሻ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁለተኛ አላስፈለገም። መዶሻው ተወልውሎ፣ ግድግዳው ላይ ካሉት ስልሳ ምናምን ምስማሮች መካከል በገዛ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ ሳጅኑ በር ላይ ጠበቃት። ጡረታዋ የተቃረበ፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን የምትረግም አጭር ሴት ናት። ሳጅኑ ደግሞ ወጣት ነው፣ ችኩል ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ደስ ብሎታል።

«አለቃ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ገዳይዋ ጎረቤት ያለችው ነርስ ናት። እስከ ስድስት ሰዓት ወስጄ አስገባታለሁ።»

«አመነች?»

«አላመነችም። ግን ሰፈሩ በሙሉ የሰማው ዛቻ አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ነርሷ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች የምትተኛው ቀን ነው። የመኝታ ቤቷና የጋራዡ ግድግዳ ደግሞ አንድ ነው። ሚሊሜትር እንጨት የሚቆርጠው በእጅ መጋዝ ነው፤ ያለችው ማሽን አንዲት ማለስለሻ ብቻ ናት፣ እሷም ከንብ የበለጠ አትጮህም። ጆሮ የሚያደነቁረው ከማለስለሻዋ ጋር የተያያዘው አሮጌ አቧራ መምጠጫ ነው። እሱ ሲነሣ የጎረቤት ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። በትናንትናው ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ነርሷ በሌሊት ልብሷ ወጥታ የጋራዡን በር እየደበደበች «ይሄን ማሽን ካላስቆምክ አንድ ቀን አንተን ነው የማስቆምህ!» ብላ ጮኸች።

«አራት ተኩል ላይ ጩኸቱ ቀጥ አለ» አለ ሳጅኑ። «ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ሰባት ሰዓት ላይ ሚስቱ ከእህቷ ቤት ስትመለስ ሬሳውን አገኘች። ስለዚህ የሞተው አራት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት ሚስቱ እህቷ ጋ፣ ታናሽ ወንድሙ እንጨት መሸጫ ነበሩ፤ ሁለቱንም ያየ ሰው አለ። ማን ቀረ?»

መርማሪዋ ወለሉን እያየች ነበር። ከደሙ በቀር ወለሉ ላይ አንዲት ፍቅፋቂ፣ አንዲት ቁንጣሪ ሰጋቱራ አልነበረችም።

«ወለሉን ማን ጠረገው?» አለች።

«ምን?»

«ሰው የሞተበት የአናጢ ጋራዥ ከእኔ ሳሎን ይጸዳል። ማን ጠረገው ነው የምልህ።»

ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ። ወለል መጥረግ በሕግ አይከለከልም፣ ሳይል አልቀረም በሆዱ።

ነርሷን ቤቷ ሄዳ አገኘቻት። ለብቻዋ የምታሳድጋት የስድስት ዓመት ሴት ልጇ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች። የልጅቷ ልብስ በትንሽ ቦርሳ ተዘጋጅቷል፤ እናትየዋ ስትወሰድ ወደ ማን እንደምትሄድ ግን ገና አልታወቀም።

«ዝቻለሁ፣ አልክድም» አለች ነርሷ። «አራት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ሰው ነኝ እኮ! ግን በልጄ ይሁንብኝ፣ እጄን አላነሣሁበትም።»

«አራት ተኩል ላይ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ተኛሁ።» እንባዋ መጣ። «ጸጥ ሲል ጊዜ ‹ተመስገን› ብዬ ተኛሁ። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ በዕድሜዬ ተኝቼ አላውቅም። ሰውዬው ከግድግዳው ወዲያ እየሞተ እኔ ተመስገን እላለሁ! የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።»

«የምትዋሽ ሴት መቼም ‹ስጸልይ ነበር› ነበር የምትለው» አለች መርማሪዋ ለሳጅኑ፣ ሲወጡ። ሳጅኑ አልሳቀም።

ሚስትየው ሳሎን ውስጥ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ሄዷል።

«ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ሆድ ይፍጀው የሚሉት ዓይነት። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ‹እወድሻለሁ› ብሎኝ አያውቅም። ጉልበቴን ሲያመኝ ግን ምንም ሳይናገር የወንበሬን እግር አስረዘመልኝ።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አዩበት?»

«አንድ ወር ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ከረመ። የማይጮህ አቧራ መምጠጫ ሲፈልግ ነበር። ‹ምነው፣ ያለው አይበቃህም?› ስለው ‹ጎረቤቷ ትተኛ› አለኝ። አሁን ምን ያደርጋል።»

ታናሽ ወንድምየው ጓሮ ውስጥ ብቻውን ቆሟል። ረጅም ነው፤ ደረቱ ወደ ውስጥ የገባ፣ በየሦስት ቃሉ የሚያስለው ሰው። ሃያ ዓመት ከወንድሙ ጋር በዚያ ጋራዥ ሠርቷል።

«አይዞህ ወንድሜ» አለችው። «ትናንት ከዚህ ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«አራት ሰዓት። ስወጣ መምጠጫው እየጮኸ ነበር። እንጨት መሸጫ ሄጄ ሦስት ነጭ ጣውላ ገዛሁ። አምስት ሰዓት ላይ በጋሪ አስጭኜ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ። ደረቴን እያመመኝ ስለነበር ተኛሁ።»

«ወደዚህ አልተመለስክም?»

«አልተመለስኩም። ጣውላው ቤቴ ነው ያለው፣ ሄዳችሁ እዩት።»

«ቤትህ ውስጥ ትሠራለህ እንዴ?»

«በምን መሣሪያ?» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ወደ ሳል ተለወጠ። «መሣሪያው ሁሉ የጋሼ ነው፣ እዚሁ ነው።»

«ሳልህን ታከምክ?»

«ባለፈው ወር። ሐኪሙ ሳንባህ በአቧራ አልቋል፣ መመለሻ የለውም አለኝ።»

«ወንድምህ ያውቁ ነበር?»

«ነግሬዋለሁ። ምንም አላለም። ጋሼ ምን ይላል?»

መርማሪዋ ወደ ጋራዡ ተመለሰች። አሮጌው መምጠጫ ቱቦው ተነቅሎ ጥግ ላይ ቆሟል። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ሌላ አለ፤ የማለስለሻዋ ቱቦ የተሰካው እሱ ላይ ነው። ሳጅኑ ሁለቱንም ትናንት አይቷቸዋል፤ የአናጢ ዕቃ ብዙ ነው ብሎ አለፋቸው።

የሁለተኛውን ማብሪያ ተጫነችው።

«ተበላሽቷል እንዴ?» አለ ሳጅኑ።

«እጅህን ቱቦው አፍ ላይ አድርግ።»

አደረገ። መዳፉን ጥርቅም አድርጎ ሳበው። ሳጅኑ ደንግጦ እጁን ነጠቀና ማሽኑን እንደ አዲስ ሰው አየው። ያለው ድምፅ ከተኛ ሰው ትንፋሽ እምብዛም አይበልጥም።

መርማሪዋ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ወገቧን እየረገመች፣ የማሽኑን ባልዲ ፈታች። አቧራውን በማስመሪያ እንደ ዳቦ ቆርጣ ከጎን አየችው። ሥሩ ቀይ ነው። ከቀዩ በላይ ስስ ነጭ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቋጠረ፣ የጠቆረ ነገር ነበር።

«እንግዲህ ሂድ» አለችው ሳጅኑን። «ደረሰኙ እዚህ ሣጥን ላይ አለ፤ ይህን ማሽን የሸጠውን ሰው አምጣልኝ። ከዚያ ከወንድምየው ቤት ሦስቱን ጣውላ አምጣ። ነርሷን ለጊዜው ተዋት።»

«አለቃ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ብዬ ነበር እኮ...»

«ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እንተያያለን።»

ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስትየው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ነርሷ ልጇን አቅፋ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ወንድምየው ግድግዳውን ተደገፈ። ሻጩ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ የሚሊሜትርን መሞት ገና አሁን መስማቱን ደጋግሞ ይናገራል።

«ይህን ማሽን መቼ አመጡት?» አለችው መርማሪዋ።

«ትናንት፣ አራት ተኩል ላይ። እኔው ራሴ አሮጌውን ነቅዬ ይህን ሰካሁላቸው። ብቻቸውን ነበሩ፤ አስነሥተው ሞከሩት፣ ደስ አላቸው፣ ወጣሁ።»

«ባልዲው ውስጥ ምን ነበር?»

«ምን ይኖራል? አዲስ እኮ ነው።»

«ሰማህ ሳጅን? አራት ተኩል ላይ ጩኸቱ የቆመው ሰውዬው ስለሞቱ አይደለም። የማይጮህ ማሽን ስለተተከለ ነው። የሰፈሩ ሰው ጸጥታውን ሰምቶ ሞቷል አለ፤ እሳቸው ግን እዚሁ ቆመው በር እያለሰለሱ ነበር። ባልዲው ሥር ያለው ቀይ አቧራ የዚያ በር ነው።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀይ በር በጣቷ አሳየች። «የሞተ ሰው በር አያለሰልስም። ስለዚህ በአራት ተኩል ማን የት ነበር የሚለው ጥያቄ ፋይዳ የለውም።»

ነርሷ ልጇን አጥብቃ ያዘች።

«ከቀዩ በላይ ነጭ አለ» ብላ ቀጠለች መርማሪዋ። «እዚህ ጋራዥ ውስጥ ነጭ እንጨት ፈልጌ አጣሁ። ትናንት ነጭ እንጨት የገዛው አንድ ሰው ነው፤ የገዛውም አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ገዝቼ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ ብሎኛል።»

ሳጅኑ ሦስቱን ጣውላዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሁለቱ ከመሸጫው እንደወጡ ሻካራ ናቸው። የሦስተኛው አንድ ፊት እንደ ሐር ልስልስ ብሏል።

«ቤትህ መሣሪያ የለም ብለኸኛል» አለችው ወንድምየውን። «ታዲያ ይህን ማን አለሰለሰው?»

ወንድምየው አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው።

«እንግዲህ ሦስተኛው ንጣፍ ነው የቀረው። ደም የጠጣ ሰጋቱራ ነው። ገዳዩ ሰው ከገደለ በኋላ ወለሉን በዚህ ማሽን ጠርጓል፣ መዶሻውንም ወልውሎ በምስማሩ ላይ ሰቅሏል። ነርሷ ብትሆን ከስልሳ ምስማር መካከል የመዶሻው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለች? ደግሞስ እሷ ጠርጋ ምን ታተርፋለች? ሲያስቡት ለማንም አይጠቅምም። ሚሊሜትር ግን ወለል ሳይጠረግ፣ መሣሪያ ቦታው ሳይገባ ማንንም ከዚህ ቤት አያስወጡም ነበር። ሃያ ዓመት እንዲህ የለመደ እጅ ባለቤቱን አይጠይቅም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ?»

ሚስትየው ቀስ ብላ ዞረች። «አንተ ነህ?» አለች። «በሞቴ፣ አንተ ነህ?»

«ሃያ ዓመት ለመንኩት» አለ ወንድምየው። ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ነበር። «‹ጋሼ፣ ይህ ማሽን ከሚስበው የሚተፋው ይበልጣል፣ ሌላ እንግዛ› እለዋለሁ። ‹አናጢ አቧራ ይፈራል?› ይለኛል። ሳንባህ አልቋል የተባልኩ ቀን መጥቼ ነገርኩት፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ትናንት ጣውላውን ይዤ ስገባ ይህ አዲሱ ቆሟል። ‹ና እይ፣ ድምፅ የለውም› ብሎ አንዱን ጣውላ አለሰለሰልኝ። አንዲት ብናኝ አልወጣችም! ‹ለማን ነው?› አልኩት። ‹ለጎረቤቷ፣ እንድትተኛ› አለኝ። ለእሷ እንቅልፍ ተገኘ፤ ለእኔ ትንፋሽ ሃያ ዓመት ጠፋ። መዶሻው እጄ ላይ መቼ እንደገባ አላውቅም።»

«እሷንስ?» አለች መርማሪዋ። «ልጇን አቅፋ የቆመችውን? ዝም ብለህ ልታስወስዳት ነበር።»

አንገቱን ደፋ።

ሻጩ ባርኔጣውን ሲያዞር ቆይቶ «ይቅርታ» አለ። «እኔ የምገባበት አልነበረም፤ ግን... ለጎረቤቷ አሏችሁ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ለእሷ ቢሆን ኖሮ ከዚህም የባሰ ዝም የሚል ነበረኝ። አሳየኋቸው። ማጣሪያውን አውጥተው በብርሃን አዩት፤ ‹ይሄ ደቃቁን ያሳልፋል፣ አይሆንም› አሉ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነው ይህን የመረጡት። ‹የጩኸቱ ነገር ይቅር፣ እኔ የምፈልገው ደቃቁን የሚይዝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደረቱን ታሟል፤ ያሳመምኩትም እኔ ነኝ› አሉኝ። እንዳልነግረው ደግሞ አስማሉኝ። ‹ከሃያ ዓመት በኋላ አሁን ነው ወይ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?› አሉ።»

ወንድምየው ከግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሳሉ አንቆ ያዘው፤ ፊቱ ጠቆረ። ቀድማ የደረሰችው ነርሷ ናት። ልጇን ለሚስትየው ሰጥታ ጀርባውን ደግፋ ቀና አደረገችው፣ «ቀስ ብለህ፣ በአፍንጫህ» አለችው፣ እስኪመለስለት ድረስም አልለቀቀችውም።

ትንፋሹ ሲመለስ ቀና ብሎ የወንድሙን ሚስት አያት።

«ለምን አልነገረኝም?» አለ። «እትዬ፣ አንድ ቃል ቢለኝ ምን ነበረበት? ለምን አልነገረኝም?»

«ነገረህ እኮ» አለች ሚስትየው። «ትናንት፣ ጣውላውን ሲያለሰልስልህ።»