ለገና የተቀመጠ ጠርሙስ

አቶ ከፈለ በአሌክሳንድሪያው ቤታቸው፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። በቀኝ እጃቸው አጠገብ የተሰበረ ብርጭቆ ነበር። ከበላያቸው ባለው ደረጃ ላይ የተከፈተ የቀይ ወይን ጠርሙስ ቆሟል። ማሞቂያው ከጨለማው ጥግ ሆኖ ያጉረመርማል፤ በቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

መርማሪ ሉባባ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። በልጅነቷ ከደሴ መጥታ እዚሁ ከተማ ያደገች፣ ከወሬ ይልቅ ጥያቄ የምትወድ ሴት ናት።

«ጠጥተው ወደቁ» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ምኑ ነው የሚመረመረው?»

ሉባባ ወደ ሟቹ ፊት ጠጋ አለች። ወይኑ ከሟቹ አገጭ ተነሥቶ በጉንጫቸው በኩል ወደ ጆሯቸውና ወደ ማጅራታቸው ወርዶ ደርቋል። የነጭ ሸሚዛቸውን ደረት ግን ጠብታ አልነካውም። ደጋግማ አየችውና ተነሣች።

ወጥ ቤት ውስጥ ዕድላዊት ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። የሟቹ አንድ ልጅ ናት። አባቷን ቤተ ክርስቲያን ልትወስድ መጥታ ነበር ያገኘቻቸው።

«ጠርሙሱ የኔ ነው» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ጥቅምት ላይ ፈረንሳይ ሄደን ነበር። ሴንት ኤሚልዮን የምትባል የጥንት የወይን ከተማ አለች። በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁለት እዚያ ነው።»

«ማን ማን ሄዳችሁ?»

«እኔ፣ አባዬ፣ አክስቴ ካሰችና ጋሼ መስፍን። ጋሼ መስፍን የአባዬ ጓደኛ ነው። የዚህ ቤት ቁልፍ ያለንም እኛው ነን።»

በሩ እንዳልተሰበረ ሉባባ አስቀድማ አይታለች። «መቼ ሊከፍቱት ነበር ያስቀመጡት?»

«ለገና። ትናንት ከሰዓት ኮል አድርጌ፣ ‹ምን ያስጠብቅሃል፣ አንድ ብርጭቆ ቅመስና ንገረኝ› እያልኩ ጨቀጨቅሁት። ሳቀና ዘጋው።» ዕድላዊት እጆቿን ጉልበቷ መሀል ደበቀች። «ለካ እኔን ደስ ሊያሰኝ ከፍቶታል። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«የደም ምርመራው እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል» አለች ሉባባ። «እስከዚያ ይህን ለራስሽም እንዳትነግሪው።»

አቶ መስፍን ስፕሪንግፊልድ ከቤታቸው በር ላይ ታክሲያቸውን ሲያጥቡ ነበር የተገኙት። ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ግቢ» አሉ የፊቱን በር ከፍተው። «ለፖሊስ አላስከፍልም።» ሳቅ ጀምረው መልሰው ዋጡት። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጋሼ መስፍን፣ አቶ ከፈለ ጠጪ ነበሩ?»

«ከፈለ? አንድ ብርጭቆ ከቀመሰ ሰባኪ ነበር የሚሆነው።»

«አሁን ግን የገና ጾም አይደል? እንደሚጾሙ ሰምቻለሁ።»

«ጾም የሥጋና የወተት ነው። ወይንን ማን ከለከለው? አንቺ ሙስሊም ስለሆንሽ አይፈረድብሽም።»

«እውነትዎን ነው፤ አላውቅም» አለች ሉባባ። «ፈረንሳይም አብራችሁ ጠጣችኋላ?»

«እነሱ የወይን ዋሻ ሊጎበኙ ሲወርዱ እኔ ራሴን አሞኝ መኪና ውስጥ ተኛሁ። ሠላሳ ዓመት መሪ ስይዝ የኖርኩ ሰው ጨለማ ውስጥ በርሜል ላይ አላፈጥም።»

«ትናንት ማታስ?»

«እዚሁ ቤቴ።» ጨርቁን አንሥተው ንጹሑን መስታወት እንደገና ወለወሉት።

ሲልቨር ስፕሪንግ የወይዘሮ ካሰች አፓርትመንት በለቀስተኛ ተሞልቷል። ወይዘሮ ካሰች የሟቹ ታላቅ እኅት ናቸው። ወለል ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከምንጣፉ አላነሡም። ዕድላዊት በር አጠገብ ብቻዋን ነበረች። ሁለቱ አይተያዩም።

«እትዬ ካሰች፣ ስለ ወንድምዎ...»

«ልጄ፣ አደጋ ነው በይና ዝጊው።»

«ለምን?»

ወይዘሮ ካሰች እየተደገፉ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ይዘዋት ገቡ። በሩን ራሳቸው ዘጉት። «ወንድሜ ጾሙን ፈቶ ነው የሞተው። ይኼን ለንስሐ አባቱ በየትኛው አፌ እነግራለሁ? ያቺ ልጅ ናት በጭቅጭቋ ያስፈታችው።»

«ወይን የጾም ነው ሲባል ሰምቼ ነበር።»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። እኛም ስንል ኖረናል፤ እዚያ አገር እስክንሄድ።» «ከስልኳ ላይ አለ። እሷ ታሳይሽ።»

ዕድላዊት ተጠርታ ቪዲዮውን ከፈተች። በድንጋይ የተፈለፈለ ዋሻ፣ ሻማ፣ የበርሜል ረድፍ። አንዲት ወይን ጠማቂ እንቁላል ሰብራ አስኳሉን ለየች፤ ነጩን መታ መታ አድርጋ በርሜሉ ውስጥ አፈሰሰች። አተላው በዚህ ተይዞ እንደሚዘቅጥና ወይኑ እንደሚጠራ አስረዳች።

ከስልኩ የሟቹ ድምፅ ወጣ። «እንዴ፣ በእንቁላል ነው እንዴ የሚያጠሩት? እኔ በየጾሙ ስጠጣ የኖርኩት?»

«ካወቅህ ከዛሬ ወዲያ ተው» የወይዘሮ ካሰች ድምፅ ነበር።

«ተውኩ። በጾም ጠብታ አይነካኝም። ለመስፍን ግን እንዳትነግሩብኝ፤ ሲስቅብኝ ይከርማል።»

ወይዘሮ ካሰች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ቀምሶ አያውቅም ነበር።»

ሉባባ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ አየችው። ከዋሻው ወጥተው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ያልቃል። የመኪናው የቀኝ የጎን መስታወት ተሰብሮ ተንጠልጥሏል።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«ቆሞ ሳለ የጭነት መኪና ገጨው ብሎናል ጋሼ መስፍን» አለች ዕድላዊት። «የተከራየነው ግን በአባዬ ስም ነበር።»

ሉባባ ወደ አሌክሳንድሪያ ተመልሳ የሟቹን ስልክ አስከፈተች። ከአንድ የፈረንሳይ ቁጥር ደጋግሞ ተደውሎላቸዋል። መልሳ ደወለች።

በሣልስቱ ዕለት ከወይዘሮ ካሰች ቤት ለቀስተኛው ሲበተን ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱን ብቻ አስቀረቻቸው። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መስኮቱን ይደበድባል። ባልደረባዋ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ሰው ቆሞ ሲጠጣ የሚፈስሰው ደረቱ ላይ ነው» ብላ ጀመረች። «የአቶ ከፈለ ደረት ንጹሕ ነበር። ወይኑ የወረደው ወደ ማጅራታቸው ነው። ስለዚህ ከወደቁ በኋላ ሌላ ሰው አፈሰሰባቸው። ጠጥተው ወደቁ እንዲባል የፈለገ ሰው።»

ከዚያ ወደ ሦስቱም ዞረች።

«በሩ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ቁልፍ ያላችሁ ሦስታችሁ ናችሁ። ዕድላዊትና እትዬ ካሰች ዋሻው ውስጥ ነበሩ። አቶ ከፈለ በጾም ወይን እንደማይቀምሱ ሰምተዋል። ይህን የሰማ ሰው ሞታቸውን በወይን አያሳብብም። ያሳበበው ያልሰማው ነው፤ ወይን የጾም ነው ብሎ የሚያምነው።»

አቶ መስፍን ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «በእንቁላል ልታስሪኝ ነው?»

ሉባባ አየቻቸው። «እንቁላል አላልኩም፣ ጋሼ መስፍን።»

«ካሰች... ዛሬ ስታለቅስ ሰምቼ ነው።»

«ዛሬ። ቅዳሜ ማታ ግን አልሰሙም ነበር።» ድምፅዋን አላነሣችም። «እነሱ ዋሻ ውስጥ ሳሉ እርስዎ አልተኙም፤ እየነዱ ነበር። በወይን እርሻው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከብስክሌቱ ላይ ተገጭቶ ሞቷል። የመስታወቱ ስባሪ አጠገቡ ተገኝቶ ምርመራው አቶ ከፈለ የተከራዩት መኪና ላይ ደረሰ። እሳቸውም ለደወለላቸው የፈረንሳይ ፖሊስ ‹የነዳው ሰው ራሱ ይናገር፤ ካልሆነ ሰኞ ስሙን እሰጣችኋለሁ› ብለዋል። የሞቱት ቅዳሜ ነው። ስልክዎ ቅዳሜ ማታ የት እንደነበረም ነገ አውቃለሁ።»

አቶ መስፍን ወደ መዳፋቸው አቀረቀሩ።

«ሽማግሌው ከወይኑ መሀል ድንገት ነው የወጣው» አሉ። «ቅዳሜ ሄጄ ለመንኩት። ‹መንጃ ፈቃዴ እንጀራዬ ነው፤ በስተርጅና እስር ቤት አትክተተኝ› አልኩት። ‹የዚያ ሰው ልጆች ማን እንደገደለው ይወቁ› አለኝና ከምድር ቤት የሚያመጣው ነገር ነበረው፤ ጀርባውን ሰጠኝ። ከደረጃው ገፋሁት።» ቀና ብለው ዕድላዊትን አዩ፤ ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ። «ጠርሙሱን ከመደርደሪያው ላይ ያየሁት ኋላ ነው።»

ባልደረባዋ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። የሊፍቱ በር ሲዘጋ ተሰማ።

ወይዘሮ ካሰች እስከዚያ አልተንቀሳቀሱም። «ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንግዲያው አልቀመሰም?»

«ሲፈስስባቸው ሞተው ነበር፣ እትዬ። የመረመራቸው ሐኪም በጉሮሯቸውም በሆዳቸውም ወይን አላገኘም። አልዋጡም።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ። ከዚያ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ በሩ ዞረው ዕድላዊትን አዩዋት። ፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ።

«ነይ፣ የወንድሜ ልጅ» አሏት። «ከበር ላይ ተነሺ።»