እጅዎን ኪስዎ ይክተቱልን

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ኮሌጅ ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ አስተምሬአለሁ። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ሴት ተማሪዎቼን እሳሳላቸዋለሁ። አራት ሴት ልጆች ስላሳደግሁ ሁሉም የእኔ ይመስሉኛል። አንዷ ማሽኑ ፊት ስትቆም ጠጋ እልና፣ «ተይ ልጄ፣ እጅሽን ይቆርጥሻል። እኔ ልሥራልሽ፣ አንቺ ልኩን መዝግቢ» እላት ነበር። ወንዶቹን ግን «ምን ያስፈራሃል? ያዘው እንጂ» ነበር የምላቸው። ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ጎበዝ ነበረች። ስትለካ አንዲት ሚሊሜትር ስለማትስት «ሚሊ» እንላታለን። በተግባር ፈተና ቀን ብረቱን ማሰሪያው ላይ በደንብ ስላላጠበቀችው ተፈናጥሮ መሬት ላይ አረፈ። ፈተናውን አላለፈችም። በድጋሚውም ካላለፈች ከኮሌጁ መሰናበቷ ነው።

«አይዞሽ፣ ድሮም ይህ ሥራ ለሴት ይከብዳል» አልኳት። ማጽናናቴ ነበር እኮ!

በማግስቱ የሴት ተማሪዎች ክበብ ልጆች መጡ። ጩኸት ስጠብቅ አንዲት ወረቀት ብቻ ይዘዋል። ለካስ መንፈቁን ሙሉ ማሽን ማን ለስንት ሰዓት እንደያዘ ሲመዘግቡ ከርመዋል። ሊቀመንበሯ መነጽሯን አስተካክላ አነበበች።

«አንድ ወንድ ተማሪ በአማካይ አርባ ሰዓት ይዟል፤ አንዲት ሴት ሦስት ሰዓት። ጋሼ፣ የእኛን ሰዓት ማን እንደያዘው ያውቃሉ?»

«ማን ያዘው?»

«እርስዎ።»

ደነገጥኩ። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ ስለምወዳችሁ ነው።»

«እናውቃለን ጋሼ። ባይወዱንማ በቀጥታ ዲኑ ዘንድ ነበር የምንሄደው። አሁን የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው። አደጋ ካልመጣ በቀር፣ ስንሠራ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱልን።»

ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ሦስት ሳምንት ሚሊ ስትለማመድ አጠገቧ ቆምኩ፤ ብረት ባበላሸች ቁጥር እጄን ኪሴ ውስጥ ወደ ታች እገፋው ነበር። በመጨረሻ የቱታዬ ኪስ ተቀደደ። ራሴ ስሰፋው ባለቤቴ አይታኝ «ዛሬ ምን ታይቶህ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

የድጋሚው ፈተና ቀን ፈታኙ ሌላ መምህር ስለነበር እኔ ጥግ ተቀመጥኩ። በመሃል ማሽኑ ሲጢጥ አለ። ሳላስበው ብድግ ብዬ እጄን አወጣሁ። ሚሊ ዞር ብላ እጄን አየችው፤ መልሼ ከተትኩት። እሷም ማሽኑን አጠፋች፣ መቁረጫውን ፈትታ አስተካከለች፣ አጠበቀችና እንደገና አስነሳችው። 

ፈታኙ ለክቶ «አልፈሻል» ሲላት ቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«አሁን እጅዎን ማውጣት ይችላሉ፣ ጋሼ» ብላ ገና ያልበረደውን ብረት መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ለሴት ልጆቻችሁ የምትሳሱ ሁሉ፣ ሥራቸውን አትሥሩላቸው። አጠገባቸው ቁሙ፤ እጃችሁን ግን ኪሳችሁ ክተቱ። ኪሳችሁ ቢቀደድ ይሰፋል።