የግራዋው ዕዳ

በ1977 በልጉ ቀረ። የቡናው አበባ ደርቆ ረገፈ። ከይርጋጨፌ የሚመጡ መኪኖች ባዷቸውን አለፉ። ስኳር በቀበሌ ወረፋ ሆነ። የራዚያ አያት አባባ ሽፋ፣ በገዛ ደጃፋቸው ቆመው ቤታቸው ወዴት እንደሆነ መጠየቅ የጀመሩት በዚያ ሰሞን ነው።

በሰኔ አንድ ጠዋት ዲላን ጉም ዋጣት። ዕድሜያቸውን በቡና ጭነት ያሳለፉት አባባ፣ ጉሙ የመኪና አቧራ መስሏቸው ደጅ ተቀምጠዋል።

«መኪናው ደረሰ፣ ሀጅራ» አሉ። ሀጅራ ድሮ የሞተች እህታቸው ናት።

«ይድረስ፣ አባባ። መጀመሪያ ኪኒንዎን ይዋጡ» አለች ራዚያ።

«ውጫለሁ!»

ራዚያ በሩን አየች። ባለፈው ወር «አልዋጥኩም» ሲሏት አምናቸው ደግማ ሰጥታቸው ወድቀው ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ቢደገምም ቢዘለልም ይጥላቸዋል» አላት። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን ሣጥን ውስጥ ትቆልፋለች። በዋጡ ቁጥርም በሩ ላይ በጠመኔ ታሰምራለች፤ እሳቸው ድሮ የቡና ኬሻ ሲጫን ያደርጉ እንደነበረው።

«የዛሬ ጠዋቱ አልተሰመረም፣ አባባ።»

በሩን አዩ። «ካልተሰመረ አልተጫነም» ብለው አመኑ። ኪኒኑን ሲያዩ ግን አፋቸውን ገጠሙ። «መርዝ ነው!» ትናንትም እንዲሁ ብለው አልዋጡም።

ጓደኛዋ ውዳሴ ደብተሯን ታቅፋ አጥሩ ጋ ቆማለች። «አንቺ፣ ፈተና ነው እኮ! ወተት ውስጥ ፍጪውና ስጫቸው፤ በምን ያውቃሉ? ቲቸር ታረቀኝ እንደሆነ አርፍደሽ ‹ሀጅራ ነኝ› ብትዪው አያሳልፍሽም!»

ራዚያ ለአባባ ቁርስ የቀረበውን የወተት ኩባያ አነሳች። የአባባን እጅ አየች። በስድስት ዓመቷ ወባ ይዟት የኪኒኑን ምሬት ፈርታ አፏን የገጠመች ጊዜ፣ ያ እጅ ከአጥሩ ግራዋ ቀጠፈ። አባባ ቅጠሉን እያኘኩ «እኔንም ይምረረኝ፣ አንቺም ዋጪ። ብቻ አንድ ቀን ትከፍይኛለሽ» ብለዋት ነበር።

ኩባያውን አስቀመጠች። ግራዋ ቀጥፋ አኘከች። ፊቷ ተኮማተረ።

አባባ አተኩረው አዩዋት። ከሩቅ የሚመጣ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ሳቁ።

«መረረሽ?»

«መረረኝ።»

አፋቸውን ከፈቱ። ኪኒኑን በውኃ ዋጡ። ምላሳቸውን አንስተው አሳዩዋት። ጠመኔውን ተቀብለውም በሩ ላይ ራሳቸው አሰመሩ።

«ይሄ ተከፈለ» አሉ፣ ጉሙን እያዩ።

የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። ራዚያ ምሬቱን ሳትተፋ ዋጠችው። ወደ ውዳሴ ስትሮጥ አጥሩ ጋ ቆም ብላ፣ ለማታው ኪኒን አንድ ቅጠል ቀጥፋ ኪሷ ከተተች።