ስድብ የጎደለው ይቅርታ

ንጎኔ ንዲያዬ ማሳር የተባለውን ወጣት መጀመሪያ ያየችው ሰው ሁሉ ሲሳለቅበት ነው። ጌት ንዳር በተባለው የአጥማጆች ሰፈር፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ዓሳ በእንጨት ጭስ የሚያደርቁት ሴቶች ተሰብስበው፣ እሱ ባሕሩ ላይ የተተከለውን የጋዝ ተርሚናል ሠራተኞች ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ያስረዳል። የተፈጥሮ ጋዙ ከባሕር ሥር ይወጣል፤ እዚያው ባሕሩ ላይ ከበረዶ ይበልጥ ይቀዘቅዝና ፈሳሽ ሆኖ በመርከብ ይጫናል። ከድንጋይ ከሰልና ከጥቁር ናፍጣ ያነሰ ነው ጭሱ፤ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ለሁሉም እስኪዳረስ መሸጋገሪያ ይሆናል።

«መርከቡ የት ነው የሚሄደው?» አለች ንጎኔ፣ ጭስ ያቀላውን ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

«ለጊዜው... ወደ ውጭ አገር።»

«እንግዲያው የሚሸጋገሩት እነሱ ናቸዋ! እኛ እዚሁ ከማገዶው ጋር ነን።»

ሴቶቹ አውካኩ። ልጁ ግን አልተቆጣም።

«የማን ቤተሰብ ነሽ አንቺ?»

«የንዲያዬ።»

«አላልኩም! ይሄ ምላስ ሌላ ቤት አይበቅልም። እኔ ጆፕ ነኝ።»

«ጆፕ? በሉ ድስታችሁን ክደኑ፣ የሩዝ ሌባ መጥቷል!»

የንዲያዬና የጆፕ ቤተሰቦች ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ዘመዶች ናቸው። ሲገናኙ ካልተሰዳደቡ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም። እየተሳደበ ይቅርታ የጠየቀን የቀልድ ዘመድ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ማሳር ከዚያ ወዲህ ለመሰደብ ሲል ብቻ ይመላለስ ጀመር። እሱም የዓሳ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ሥራው ግን በጥበቃ ጀልባ ላይ ሆኖ አጥማጆቹን ከተርሚናሉ ክልል መመለስ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ምድጃዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እንጨት ያቀብላታል።

«አንድ ቀን ቧንቧው እዚህ ይደርሳል፤ ዓሳሽን በጋዝ ታጨሻለሽ። ዓይንሽም ያርፋል።»

«ዓይኔ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ምንም። እሱን እያየሁ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።»

ንጎኔ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ዓሳውን መገልበጥ ጀመረች። እሱም እሳቱ እስኪደክም ድረስ እንጨት ማቀበሉን ረሳ።

አባቷ አላሳን የጀልባ አለቃ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያጠመደበት ዓሳ የሞላው የባሕር ሥር ዓለት ዛሬ በተከለከለው ክልል ውስጥ ገብቷል። «ይሄ ሆዳም በገዛ ውሃዬ ላይ ዘበኛ ሆነብኝ!» ይላል። ማሳርም «ዓሳውን ሁሉ ለብቻዎ በልተው ጨርሰውት ነዋ!» ሲለው ሽማግሌው ሳቁን መደበቅ ያቅተው ነበር። ከመጪው በዓል በኋላ ማሳር ሽማግሌና ለጋብቻ ጥያቄ የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ ሊልክ ከንጎኔ ጋር ተስማምቷል።

አንድ ጉም የበዛበት ማለዳ አላሳን ሁሉም እንደሚያደርገው አደረገ። መረቡን ከድንበሩ ውጭ ጥሎ፣ የውሃው ፍሰት ወደ ዓለቱ እንዲወስድለት ለቀቀው። መረቡ ዞሮ የገዛ ጀልባውን ሞተር ጠለፈው። ጋዝ ሊጭን የሚመጣው መርከብ ደግሞ እየቀረበ ነበር። ማሳር ደርሶ መረቡን በቢላ ቆረጠና ጀልባውን እየጎተተ ወደ ዳርቻው አመጣው።

ነፍሱን አተረፈለት። ሆኖም መረቡ ተቆርጦበት፣ ጎረቤት ሁሉ እያየው፣ በጥበቃ ጀልባ ተጎትቶ የገባ አለቃ በጌት ንዳር ታይቶ አይታወቅም።

ከቀናት በኋላ ማሳር ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ አጎቱን አስከትሎና ኮላውን ይዞ መጣ። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ሰውየውን እንዲህ አዋርጄው እንዴት እቀልዳለሁ ብሎ ፈርቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«አባባ፣ ክብርዎን ነክቻለሁ። ስለ አላህ ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

አላሳን ትክ ብሎ አየው።

ንጎኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፦ «እዩት ይሄን ሆዳም! ሩዛችን አልበቃው ብሎ መረባችንን በላው!» ይህን ብትል ቤቱ በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ግን አባቷ እንደ በግ ሲጎተት ያየችው ነገር ከአንጀቷ አልወጣም። ትንሽ ይጨነቅ፣ ነገ እለዋለሁ አለች በልቧ፤ ዋጠችው።

«ሰምቻለሁ» አለ አባቷ በጨዋ ድምፅ። «ኮላህን ይዘህ ግባ ወደ ቤትህ።»

ማሳር ቀና ብሎ ወደ መጋረጃው ተመለከተ። ሲወጣ ማንም አልሰደበውም።

ነገ ብላ ስትሄድ አላገኘችውም። ሞዛምቢክ ወዳለ ሌላ ተርሚናል ለመዛወር ጠይቆ ኖሯል፤ ሄደ። እሷም ዓሳ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር አገባች። ከአፉ ክፉ የማይወጣ ሰው ነው፤ ልጆችም ወለዱ። ቧንቧው ዛሬም ጌት ንዳር አልደረሰም፤ ንጎኔ ዛሬም ዓሳ የምታጨሰው በእንጨት ነው። መርከቦቹ ግን ጭነው ይሄዳሉ።

አላሳን ካረጀ በኋላ አንድ ከሰዓት ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጦ ባሕሩን ሲያይ ቆየና፣

«ያ የጆፕ ልጅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» አላት።

«መረቡ ነው?»

«የምን መረብ! ያን ቀን እኮ ስድብ ነበር የምጠብቀው። አንዲት ስድብ! ሳቄን በጉንጬ ይዤ። እሱ ዳኛ ፊት እንደ ቆመ ሰው ክብርዎ ይለኛል። እንደ ባዳ ቢያናግረኝ እንደ ባዳ ሸኘሁት።»

የንጎኔ እጅ ዓሳው ላይ ቀረ።

«ከመጋረጃው ሥር እግርሽን አይቼዋለሁ» አለ አባቷ። «እሱ ቢፈራ አንቺ ትሰድቢልኛለሽ ብዬ ነበር። ምነው ዝም አልሽ ልጄ?»

ንጎኔ አንድ እንጨት ወደ እሳቱ ገፋች።

«ነገ እለዋለሁ ብዬ ነው አባዬ» አለችው።