የአጎት ዋስትና

ቡሎን ፖስታውን በአውቶቡሱ ወንበር ላይ አንሸራተተ።

ጎኑ የተቀመጠው የኩባንያው ሰው ቀና እንኳ አላለም። የምስጢር ስሙ ክሪክ ነው። ኩባንያው ሰላዮቹን በመለዋወጫ ስም መጥራት ይወዳል፤ ቀልድ መሆኑ ነው።

«ሁሉም አሉበት?»

«ማን ለማን ምን እንደሚያቀብል። ከደብተሩ ያነሳሁት ፎቶ ነው።»

ኩባንያው የዚህን ባዕድ ከተማ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ለመጠቅለል ሦስት ዓመት ለፋ። ስደተኞቹ ነጋዴዎች ግን ያለ ውል፣ በቃል ብቻ ዕቃ እየተቀባበሉ ቀደሙት። መካከላቸው ለመግባት ዘመድ መሆን ግድ ነው። አንድ ሆዳቸው የሚባባ ሽማግሌ ቡሎን ሥራ ያጣ መስሎ ሲንከራተት አዩና «የእህቴ ልጅ ነው» ብለው ዋሹለት። ስምንት ወር አበሉት። ቅብብሉን የሚመዘግቡበትን ደብተር ያሳዩት ለእሱ ብቻ ነው።

«ሽማግሌውን እንዳትነኩ!»

«ቃላችን ቃል ነው» አለ ክሪክና ወረደ።

በማግስቱ ረፋድ የሽማግሌው ሱቅ በነጋዴዎች ተሞልቶ ጠበቀው።

ክው አለ።

የደብተሩ ኮፒ በየነጋዴው እጅ ነበር። ኩባንያው ጠዋቱን በራሱ ሞተረኛ አድሎታል። ወደ ግራ የተጋደመው የሽማግሌው ጽሑፍ አይሳትም። ቡሎን ያኔ ገባው። ኩባንያው የፈለገው ዝርዝሩን አልነበረም፤ መተማመናቸውን መስበር ነው።

«ባጎረስን እጃችንን ተነከስን!» ጮኸ አንዱ ጎማ ሻጭ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የሸጡን? ወይስ ይሄ ልጅ ነው?»

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ። ከዚያ ቡሎንን።

አወቁ።

«ልጁን ተዉት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት። አፉን ከፈተ። ፈራ። በራሱም አፈረ። ሠላሳ ዓመት የተገነባ ስም በአንድ ረፋድ አፈር ድሜ በላ። ከእንግዲህ ለሽማግሌው አንድ የሞተር ሻማ እንኳ በቃል የሚያቀብል አይኖርም።

ስልኩ ነዘረ፤ የክሪክ መልእክት ነው። «ተሳክቷል። ውጣ።»

በጓሮ በር ሊወጣ ሲል ሽማግሌው ክንዱን ያዙት። ጥፊ ጠበቀ። ቢመቱት በወደደ።

«ቶሎ ሂድ፣ ሳይነቁብህ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔስ አርጅቻለሁ። አንተ ገና ልጅ ነህ።»

«አጎቴ...»

«ሂድ አልኩህ!»

ሄደ። ገበያተኛው መሃል ሲገባ እያለቀሰ ነበር። ማንም ዞሮ አላየውም።